ከሽቦው ወዲህ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 12 ቀን 2006

ወንድሜ ሙሐመድሁሴን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ ደህና መክረማችሁን አላህ ያሰማኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፉአድ ታክሲውን እየነዳ ነው። ናኢማ በቁመት በልጣኛለች፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፣ ልቧ ግን ደግ ነው።

የአባባን ነገር እንዳላነሳብህ ካስማልከኝ ስንት ዓመት ሆነ። ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሁን ግን «ለምን ዝም አልሽ? ታመምሽ ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። እኔ አልታመምኩም። የታመሙት እሳቸው ናቸው። አፉ በለኝ፣ ዛሬ ስማቸውን ላነሳ ነው።

መጀመሪያ ሶላታቸው ነበር የጠፋባቸው። ዙህርን ሰግደው ያሰላምቱና እንደገና ከአላሁ አክበር ይጀምራሉ። ከዚያ ደግሞ ሥራ መሄድ ጀመሩ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመን የሆናቸው ሰው! ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ይወጣሉ። የሕንፃውን ቆሻሻ መጣያ ክፍል ከፍተው ያያሉ፣ ላውንደሪው ውስጥ የተኛ ውሃ ካለ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በር እያንኳኩ «የታመመ ሰው አለ? የሚያስመልሰው አለ?» ይላሉ። በፈረንሳዮች ጊዜ ጅቡቲ ከተማ ጤና ቢሮ ሲሠሩ ያደርጉት የነበረው መሆኑ ነው። የሳልቫዶሯ ጎረቤታችን «ሲ፣ ሲ» እያለች ኩሽናዋን ታስጎበኛቸዋለች። አንድ ቀን ማጠቢያዋን አይተው «ንጹሕ ነው፣ በርቺ» ብለዋት መጡ።

ይህስ ያስቃል። የማያስቀው መግሪብ ሲደርስ ነው። «መዲና የታለች? ከገበያ አልተመለሰችም?» ይሉኛል። አንድ ቀን «አባባ፣ እማ እኮ ሞታለች» አልኳቸው። እንደ አዲስ መርዶ ሆነባቸው፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀሩ። በማግስቱ ረሱትና ደግመው ጠየቁኝ። ሁለተኛ መርዶ ነጋሪ መሆን አቃተኝ።

እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንተ የአሥራ አንድ። እማን ኮሌራ እንደገደላትና አንተ ከአባባ ጋር እንደማትነጋገር እንጂ ሌላ የማውቀው የለኝም። እሳቸውም አይናገሩም፣ አንተም አትናገርም። እባክህ፣ ያን ቀን ምን ሆነ?

እህትህ ሰብሪያ


ጅቡቲ፣ አፕሪል 9 ቀን 2006

ሰብሪያ፣

ወዐለይኪ ሰላም። የላክሽው የልጆቹ ጫማ ደርሷል፤ ለትልቁ ልኩ ነው፣ ትንሹን ያጠብቀዋል።

አልተቆጣሁሽም። ስልክ አትደውይ ያልኩሽ ግን ያው ነው። አንቺን ሳናግር ከኋላሽ ሲያስል መስማት አልፈልግም። በደብዳቤ እንሁን።

ስለ ጠየቅሽኝ አንዴ እነግርሻለሁ፣ አልደግመውም።

የፈረንጆቹ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ነበረው። እኛ ጋ ውሃ በበርሜል ነበር የሚመጣው። በሽታው ሲገባ ለእነሱ ሐኪም፣ ለእኛ ኖራና ዘበኛ ተላከ። ሕጉ እንዲህ ነበር፤ የታመመ ሰው የደበቀ ቤት፣ ቤተሰቡ በሙሉ በሽተኞች የሚገለሉበት ከረንቲና ይገባል። ካስታወቀ ግን የታመመው ብቻ ተወስዶ ቤቱ መድኃኒት ይረጫል። ከረንቲናው ከውሃው ማዶ፣ አሸዋው ላይ በሽቦ የታጠረ ነበር። ከዚያ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። አባትሽ የዚያ ቢሮ ሰው ነበር። ፓምፑን በጀርባው አዝሎ የሚረጨው፣ የታመመ ያለበትን በር በኖራ የሚቀባው እሱ ነበር። አለቃው ፈረንሳዊ ነው፤ «አቤት ሙሴ»፣ አቤት ጌታዬ፣ እያለ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር የሚያናግረው። የሰፈሩ ልጆች ከእኔ ጋር አይጫወቱም ነበር። «የኖራው ልጅ» ነበር ስሜ።

እማ ስታስመልስ አደረች። ጠዋት ውሃ አምጣ ብላ ላከችኝ። ስመለስ በራችን ነጭ ሆኗል። አባትሽ ካኪውን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከቢሮው ሰዎች ጋር ወደ ባሕሩ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁ። ልሮጥ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ ነህ ያስወሰድካት?» አልኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እየጮኽኩ ጠራኋት። አልዞረችም። ሰብሪያ፣ ዞራ አላየችኝም።

ከዚያ ሞተች ተባለ። ኖራ አልብሰው ከሌሎች ጋር ቀበሯት፤ መቃብሯ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ ጢሜ ሳያቆጠቁጥ ወደብ ገብቼ ጆንያ ተሸከምኩ፣ ከዚያ ወዲህ የእሱን እንጀራ አልበላሁም። አንቺ አሜሪካ ስትወስጂው መርከብ እያራገፍኩ ነበር፤ ልሰናበተው አልሄድኩም።

«መዲና የታለች» ሲልሽ «አንተ አስወሰድካት» በይው። ከእኔ የሚላክለት መልስ ይህ ነው።

ናኢማን ሳሚልኝ።

ሙሐመድሁሴን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጁን 18 ቀን 2006

ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስህ። የናኢማን ፈተና ጠይቀኸኛል፤ አልፋለች። ፉአድም ወገቡ ተሽሎታል።

«ነገርሽው ወይ?» ላልከኝ፣ አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። አንተ የምታውቃት ሰብሪያ አልነበርኩም ያን ሰሞን፤ ምግባቸውን አስቀምጬ ቃል ሳልናገር እወጣለሁ። እሳቸውም እንደተቀየምኩ ገብቷቸው «ምን አጠፋሁ?» እያሉ ይከተሉኛል።

አሁን የምጽፍልህን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ሆም ኬር እሠራለሁ አይደል፣ የሰው ሽማግሌ ስንከባከብ ውዬ ገባሁ። ሻርፔን አልፈታሁም። አባባ ኩሽና ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና፣

«መዲና፣ ተቀመጪ እንጂ። አቅም የለሽም» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«አስቤበታለሁ» አሉ። «በእግርሽ ሂጂ፣ እሺ። አንቺ ከምትቀሪ ልጆቹ ይትረፉ ካልሽ እሺ። ለልጁ በል ያልሽኝን ግን አልልም።»

«ምን በል አልኩህ?» አልኳቸው። አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም።

«እኔ አስወሰድኳት በል አላልሽኝም? እንዴት እላለሁ? ልጁ ይጠላኛል እኮ፣ መዲና!»

እሳቸው ከእኔ መልስ የሰሙ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። «ፈቅዳ ሄደች ካልኩት ተከትሎሽ ይገባል። ያንን ልጅ ማን ይይዘዋል? እኔን ሲጠላ እቤት ይቀመጣል።»

ከዚያ እጄን ይዘው አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ፣ ከራሴ የጨመርኩት ቃል የለም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እመነኝ። ሌላም የምነግርህ ነበረኝ፤ ለዛሬ ይህ ይብቃህ።

እህትህ ሰብሪያ


ጅቡቲ፣ ጁላይ 6 ቀን 2006

ሰብሪያ፣

የታመመ ሰው የቃዠውን ታሪክ አድርገሽ አትላኪልኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ማስታረቅ ትወጃለሽ፣ አውቅሻለሁ። እናቴን ግን ለዚህ አትጠቀሚባት። ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን «አባትህን ጥላ» ብላ የምትሄደው? ዞራ ሳታየውስ የምትሄደው?

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ ያልሽው ይቅርብኝ።

ሙሐመድሁሴን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2006

ወንድሜ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን አላህ ይቀበልህ።

ለፉአድ «ተቀይማኝ ነው ዝም ያለችው?» ብለህ የጻፍከውን አሳየኝ። አልተቀየምኩህም። የምጽፈው አጥቼ ነው። አልፈልግም ያልከኝን ወሬ ሳልነግርህ ሌላ ወሬ መንገር አልሆንልኝ አለ። ስለዚህ ፈለግህም አልፈለግህም ስማው።

በጁን ወር አባባ በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቅለው ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ረጩት። ጭሱ በየበሩ ሥር ገባ። የጎረቤታችን የየምስራች ሕፃን አስም አለበት፤ በአምቡላንስ ተወሰደ። አልሐምዱሊላህ ተረፈ። የምስራች አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ኤሊቬተር ውስጥ ስንገናኝ ግን ልጁን ወደ ደረቷ ታስጠጋዋለች። ያ ከስድብ በለጠብኝ።

የሕንፃው ማኔጀር ጠርቶኝ «ወይ እሳቸው ይወጣሉ ወይ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» አለኝ። ሁለታችንም ሥራ ነን። ቀን የሚጠብቃቸው የለም። ፉአድ «አንቺ የምትይው ይሁን» ብሎ ተወልኝ። ወንድሜ፣ ለእኔ ተተወ። ቤቴን ወይም አባቴን።

አማርኛ የምትናገር ነርስ ያለችበት የሽማግሌዎች ቤት አሌክሳንድሪያ ተገኘ። ሩሃማ ትባላለች። ቅዳሜ ጠዋት ናኢማን ከኋላ አስቀምጠን ወሰድናቸው። ዘመድ ጥየቃ ነው ብዬ ነበር ያልኳቸው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙን አዩ። ከዚያ፣

«ከረንቲናው ከማዶ ነው?» አሉኝ።

ጉልበቴን ነካ ነካ አድርገው፣

«አይዞሽ፣ ልጄ። እንድትይዢኝ አያስፈልግም። በእግሬ እገባለሁ» አሉ።

ገቡም። በሩ ድረስ እኔ ነበርኩ የተደገፍኳቸው። ስንወጣ ከኋላችን ቆመው ነበር። እኔ አልዞርኩም። ብዞር መልሼ አመጣቸው ነበር።

ናኢማ መኪናው ውስጥ «ዩ ጌቭ ሂም አዌይ» አለችኝ። ሰጠሻቸው ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። አፍጥር ላይ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። የበሩን ድምፅ ስሰማ አንተን አስባለሁ።

ይህን የጻፍኩልህ ላስታርቅህ አይደለም። ለሌላ ለማን እንደምናገረው ስላጣሁ ነው።

ሰብሪያ


ጅቡቲ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2006

ሰብሪያ፣ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ናኢማስ አናገረችሽ? ካላናገረችሽም ታገሺ። ልጅ ሲቆጣ እንደሚወድሽ ቁጠሪው።

የያኔ ሰው እየፈለግኩ መሆኔን ለፉአድ ጽፌለት ነበር፤ «ምን አስቦ ነው?» ብለሽ እንደጠየቅሽው ነገረኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «አልዞርኩም፣ ብዞር መልሼ አመጣቸው ነበር» ያልሽው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ወደብ ላይ ዕቃ እየቆጠርኩ እንኳ ይመጣብኛል።

ያኔ ከረንቲናው ውስጥ የሠራ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እማማ ትብለጥ የሚባሉ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሚኖሩ ሴት አሉ አሉኝ። ለበሽተኞቹ ሩዝ ያበስሉ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ስሜን ከነአባቴ ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱኝ።

«የይመር ልጅ? ያ ኃይለኛው?» አሉኝ።

«ማን ኃይለኛ አለኝ?» አልኳቸው።

«እናትህ ናታ! እኔ ድስቴን የምጥደው እዚያው ሽቦው ሥር ነበር። አባትህ ሥራውን ሲጨርስ እየመጣ ከሽቦው ወዲህ ይቆማል፣ እሷ ከወዲያ ትቀመጣለች። ‹ልጁ ምን አለ?› ትለዋለች። ‹አያናግረኝም› ይላታል። ‹ተወው፤ ሽቦውን ዘሎ ከሚመጣብኝ ቢያኮርፍህ ይሻለኛል› ትለዋለች። እየሳቀች ነበር የምትለው፣ እሱ ግን አይስቅም።»

«እማማ ትብለጥ፣ እኔ እኮ ጠራኋት። ዞራ አላየችኝም» አልኳቸው።

«ብታይህ መሄድ ትችል ነበር?» አሉኝ።

እጃቸው አሁንም ፊቴ ላይ ነበር።

«ስትሞት ‹ልቅበራት› ብሎ ለመነ፣ ከለከሉት። ሽቦው ጋ ቆሞ ብቻውን ሰገደባት። የራሳቸው ሠራተኛ ነበር እኮ።»

«ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ማን መጥቶ ጠየቀኝ?» አሉኝ።

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። እዚያ ምን እንደሆንኩ አልጽፍልሽም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጆቼ አያታቸውን አያውቁም። ትልቁ አንዴ «አያቴ ክፉ ሰው ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ ብዬዋለሁ።

ቪዛ ጠይቄያለሁ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው። አባባ እስከዚያ የሚቆዩ ይመስልሻል? ይህ ከደረሰሽ በኋላ እሑድ እዚያ ስትሄጂ እደውላለሁ። ስልኩን ለአባባ ስጪልኝ። የምላቸውን አላውቅም፣ ግን ስጪልኝ።

ወንድምሽ ሙሐመድሁሴን


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2007

ወንድሜ፣ ጋሻዬ፣

ይህን ደብዳቤ በእጁ የሚሰጥህ ተውፊቅ ነው። እዚህ የፉአድ ጓደኛ ነው፣ ዘመድ ሊጠይቅ ጅቡቲ እየሄደ ነው። ስታነብ አጠገብህ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ፤ ሂድ ብትለውም አይሄድም። ባለቤትህንም ጥራትና አብራችሁ ተቀመጡ።

ስንት ጊዜ «በኋላስ አወቁኝ ወይ?» ብለህ ላክህብኝ። መልስ ያዘገየሁት እንዳልዋሽህ ነው። አላወቁህም፣ ወንድሜ። ያን እሑድ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ስሰጣቸው ድምፅህን ሰምተው ከአልጋቸው ተነሡ። የፒጃማቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ቀጥ ብለው ቆመው «አቤት ሙሴ» አሉ። ይህን አንተም ሰምተሃል። «የቤቴን ሰው አምጥቻለሁ፣ ሙሴ። ሌላ የታመመ የለም፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ልብሷን አታቃጥሉብኝ፣ ልጁ አቅፎት ነው የሚተኛው» ያሉህን ከእኔ በላይ አንተ ታስታውሰዋለህ።

ከዚያ «ይመር፣ ሥራህ አልቋል። ልብሷንም ውሰድ። ወደ ልጆችህ ሂድ» አልካቸው። ልጅ ሆነህ ልታናግራቸው ደውለህ አለቃቸው ሆነህ አናገርካቸው። ሌላ ብትላቸው ግን አይሰሙህም ነበር።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ፈቀደልኝ፣ ሂድ አለኝ» አሉ። ፊታቸው ያበራ ነበር፤ እንደ ልጅ። ጫማዬን ስጡኝ አሉ። ናኢማ ተንበርክካ አሠረችላቸው። አዎ፣ ናኢማ፤ ያን ቀን አብራኝ መጥታ ነበር። «የት ሊሄዱ ነው፣ አባባ?» አለቻቸው፣ በአማርኛ። «ቤት» አሏት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ልናወልቅላቸው ስንል ስለተቆጡ ሩሃማ «ተዉአቸው» አለችን። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እማን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ብዙም አልተናገሩም፣ ብዙም አልበሉም።

ወንድሜ፣ ተውፊቅ አጠገብህ አለ አይደል?

አባባ ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሄዱ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሩሃማ ነች አጠገባቸው የነበረችው፤ አልተሠቃዩም አለችኝ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ድልድዩ ላይ መኪና ቆሞ አልደረስኩም። በስልክ ልነግርህ አስቤ እጄ ስልኩ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። መርዶ በስልክ ጆሮ ላይ አይጣልም። ስለዚህ ነው ሰው የላክሁብህ።

ዙህር ላይ ተሰገደባቸው፣ ብዙ ሰው መጣ። የምስራችም ልጇን አዝላ መጥታ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ወንዶቹ ወደ መቃብሩ ሄዱ። አባባ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዳቸው በፊት ኢማሙ «በዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው ካለ አፉ ይበለው» ሲሉ ፉአድ በስልክ ኮል አደረገኝ። «በወንድምሽ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ ምን ልበል?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ አፈር ይዞ እየጠበቀ ነው።

«አፉ ብሏል በላቸው» አልኩት።

ሳልጠይቅህ ነው ያልኩት።

እህትህ ሰብሪያ